ጦስኝ፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርት፤ በሬ የሚያደልበው የትኛው ነው ብዬ ጠይቄ የመጡልኝ መልሶች

ጥምቀት እንዳለፈ 4 በሬ ገዝቼ አሰርኩ። ለፋሲካ ነው። ያለሁት ደብረ ብርሃን ዙሪያ ስለሆነ የገብስ ጭድ አይቸግረኝም። ፍሩሽካ እገዛለሁ። የኑግ ፋጉሎ፣ ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው፣ ደግሞ ኪሴ በፈቀደው መጠን። የቢራ ፋብሪካ ተረፈ ምርት ሲገኝ እሱንም እጨምራለሁ።

አንድ ቅዳሜ ገበያ ላይ አንድ ነጋዴ በላስቲክ የታሸገ አረንጓዴ ዱቄት አሳየኝ። ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ ነው፣ ኬሚካል የሚባል የለውም፣ በወር ውስጥ በሬህን አታውቀውም አለኝ። ላስቲኩ ላይ ምን ምን እንደገባበት አልተጻፈም። አንዱ ኪሎ የግማሽ ኩንታል ፋጉሎ ዋጋ ነው። አልገዛሁም፤ ነገሩ ግን ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ማታ ጥያቄዬን ኢንተርኔት ላይ ለጠፍኩት። እንዲህ ያለ የዕፅዋት ጭማሪ እውነት ያደልባል ወይ? ካደለበስ፣ ጦስኝ ከመንዝ ይመጣል፣ አብሽና ነጭ ሽንኩርት ጓዳ አለ፣ እኔው ፈጭቼ ባበላስ?

38 መልስ መጣ። ብዙ ሰው ክሩ፣ ማለትም የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ረዘመብን ስላለኝ የተባለውን በራሴ አነጋገር ሰብሰብ አድርጌ ላስቀምጠው። ሁሉንም አልደግምም፤ በተለይ ዋጋ ብቻ የጠየቁትን ዘልያቸዋለሁ።

1ኛው መልስ የመጣው ከጎጃም ነው። አባቱ ነጭ ሽንኩርት ከአሞሌ ጨው ጋር ወቅጠው በሳምንት አንድ ቀን በሬውን ያጎርሱት እንደነበር፣ የበሬውም ጸጉር እንደ ሐር ያበራ እንደነበር ጻፈ። እኔንም ወንድሜ ብሎ መርቆኝ አለፈ። 2ኛው ወዲያው ተስማማ፤ በእነሱ አገር አብሽ ተዘፍዝፎ ለከሳ በሬ እንደሚሰጥና የምግብ ፍላጎቱን እንደሚከፍትለት ተናገረ።

3ኛው ላይ ትንሽ ቆም አልን። ይሄ ሰው በጣም በጨዋነት ነው የጠየቀው። ያ በሬ ሽንኩርቱን በሚበላበት ሰሞን ከቀንበር ተፈትቶ ነበር ወይ? እህልስ ይሰጠው ነበር? ጨዉስ? እንግዲህ በሬው ካረፈ፣ ጨው ካገኘ፣ ባቄላ ገለባና ክክ ከበላ፣ የወፈረው በሽንኩርቱ ነው ለማለት ምን ማስረጃ አለን? 1ኛው በ5ኛው መልስ ተመልሶ መጣና ለካ አባቱ የክረምቱ እርሻ ካለቀ በኋላ ነበር ሽንኩርቱን የሚያጎርሱት። ይህን በቅንነት ማመኑን ወደድኩለት።

4ኛው የሐረርጌ ሰው ነው፤ ከ38ቱ ሁሉ ደግሜ ደጋግሜ ያነበብኩት የእሱን ነው። እነሱ ዱቄት የሚባል ነገር አያውቁም። ማሽላና በቆሎ ሲዘሩ ሆን ብለው ጥቅጥቅ አድርገው ይዘራሉ። ከዚያ ሲያድግ እያሳሱ ይነቅሉና ለበሬው ያቀርባሉ። ቀጥሎ ቅጠሉን ከታች ወደ ላይ እየገፈፉ ይሰጡታል። ጫት ከተመረጠ በኋላ የሚቀረውም ገረባ አይጣልም። በሬው ደጃፍ ላይ ታስሮ፣ ሰው አጠገቡ ቁጭ ብሎ ትንሽ ትንሽ እያደረገ በእጁ ነው የሚያበላው። አንድ ላይ ከተከመረለት ረግጦ ያበላሸዋላ። በሬው መጀመሪያ ጥቂት ዓመት ያርሳል፣ ከዚያ ይደልባል፣ ከዚያ ይሸጥና በገንዘቡ ወይፈን ተገዝቶ የተረፈው ለቤት ይሆናል። አገር የሚያወራለት የሐረር ሰንጋ ምሥጢሩ ይሄው ነው አለ፤ የእጅ ሥራና ትዕግሥት። እኔ በጠዋት ጭድ ከምሬ ሥራ የምሄድ ሰው ስለሆንኩ ይህ መልስ ነክቶኛል።

6ኛው ረጅም ነው። ጸሐፊው የእንስሳት አመጋገብ የተማረ ነው። ከነገረን ውስጥ የገባኝን ልንገራችሁ። በሬ ጭድ የሚፈጨው ብቻውን አይደለም። በትልቁ ጨጓራው ውስጥ ቁጥር የሌላቸው ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ ጭዱን የሚያብላሉት እነሱ ናቸው፣ እሱ ያመሰኳል እነሱ ይሠራሉ። ሲያብላሉ ሜቴን የሚባል ጋዝ ይወጣል፣ በሬውም ያገሳዋል። ከበላው ምግብ ጉልበት ከ2 እስከ 12 በመቶ የሚሆነው በዚህ ጋዝ ይባክናል። የዕፅዋት ጭማሪ ዋናው ሐሳብ ይህን ብክነት መቀነስ ነው። ጦስኝ ውስጥ ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ጠንካራ ዘይቶች አሉ፣ ቅርንፉድ ውስጥ ዩጂኖል፣ ነጭ ሽንኩርት ውስጥ ደግሞ ያ የሚሰነፍጠው የድኝ ውህድ አለ። እነዚህ አንዳንዶቹን ተሕዋስያን ይገታሉ፣ ሌሎቹን ይተዋሉ። ግራርን የመሰሉ ዛፎች ውስጥ ያለው ታኒን ደግሞ ፕሮቲኑን አቅፎ ይይዘውና በትልቁ ጨጓራ ሳይበላሽ ወደ ታች እንዲያልፍ ያደርጋል፤ ሲበዛ ግን አፍ ያደርቃል፣ በሬው መብላት ያቆማል።

እስከዚህ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀጥሎ ግን ሦስት ነገር ጨመረ። አንደኛ፣ ከሙከራዎቹ ብዙዎቹ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ በብርጭቆ የሠራው ሁሉ በበሬ ሆድ ውስጥ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ተሕዋስያኑ ይለምዱታል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የታየው ለውጥ ከሳምንታት በኋላ ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛ፣ ኪሳራውን ከማዳን በፊት እነሱን ማብላት አለ። ተሕዋስያኑ እንዲሠሩ መኖው ውስጥ ቢያንስ ወደ 7 በመቶ ፕሮቲን ያስፈልጋል። የገብስ ጭድ ብዙውን ጊዜ 5 እንኳ አይሞላም። የኑግ ፋጉሎ ግን ከ30 በመቶ በላይ አለው። ስለዚህ ለእኔ በቀጥታ እንዲህ አለኝ፤ ያንን ዱቄት ገዝተህ ፋጉሎውን ከምትቀንስ፣ ዱቄቱን ትተህ ፋጉሎውን ጨምር።

7ኛው እባካችሁ በእኛ ቋንቋ አስረዱን ብሎ ተቆጣ። ትክክል ነው፣ 6ኛው ላይ ከባድ ቃል በዝቶ ነበር። ያስረዳችው ግን የተማረው ሰው አይደለም፤ 8ኛዋ እናት ናት። ጠላ እየጠመቀች በአተላው በሬ የምታደልብ ሴት ናት። የበሬ ጨጓራ እንደ ጠላ ጋን ነው አለች። ጥንስሱ ውስጥ የሚሠራ ሕይወት አለ። ጌሾው በልኩ ሲገባ ጠላው ያምራል፣ ሲበዛ ይመራል፣ ጥንስሱም አይነሣም። ጦስኙም ሽንኩርቱም እንደ ጌሾ ነው፣ ልክ አለው። ብቅሉ ከሌለ ደግሞ ጌሾ ብቻውን ምን ይሠራል? እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ከዚህ በኋላ ክሩ ውስጥ ሁሉም ሰው ጌሾው በዛ፣ ብቅሉ አነሰ እያለ ነው የተነጋገረው።

9ኛው አሜሪካ ካንሳስ ውስጥ የመኖ ማቀነባበሪያ የሚሠራ ወገናችን ነው። ይህ ሁሉ የዕፅዋት ጉዳይ ዓለም ላይ ለምን እንደተነሣ ያስረዳው እሱ ነው። እዚያ ሞነንሲን የሚባል መድኃኒት ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚደልቡ ከብቶች ከመኖ ጋር ይሰጣል። የአውሮፓ ኅብረት ግን ለዕድገት ማፋጠኛ ተብሎ የሚሰጥ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትን ሁሉ ከጥር 2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከለከለ፣ ሞነንሲንም እዚያ ውስጥ ገባ። ያኔ ድርጅቶች ምትክ ፍለጋ ወደ ቅመማ ቅመም ዘይት ዞሩ። መጠኑም ለአንድ በሬ በቀን በግራም የሚቆጠር ነው፣ ዘይቱ ተለይቶ ወጥቶ፣ ተመዝኖ። ይህንን ሰምቼ ስለ ጦስኜ ጠየቅኩት። ከ100 ግራም ደረቅ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ብዙውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ግራም ያህል ነው አለኝ። እንግዲህ እኔ ለ4 በሬ አንድ እፍኝ በትኜ ለውጥ ስጠብቅ ነበር ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያም ጨመረ፤ ይህን እባካችሁ አትለፉት። ከውጭ የመጣ የመኖ ቅመም ስትገዙ ሞነንሲን እንዳለበት ጠይቁ። ለበሬ የሚሆነው መጠን ፈረስን ይገድላል። አህያና በቅሎም ከዚያው ዘር ስለሆኑ በአንድ ግርግም አታብሉ። እኛ አገር አህያዋ ከበሬው ጎን የማትታሰርበት ቤት የት አለ?

እዚህ ላይ ነገሩ ከረረ። 10ኛው፣ እንግዲያው ኬሚካሉን ተዉት፣ የተፈጥሮ የሆነ ነገር አይጎዳም ብሎ ጻፈ። 11ኛው ቆጣ ብሎ የወፍ ቆሎም ተፈጥሮ ነው አለው፤ ከብት በልቶት ጉበቱ ተጎድቶ ቆዳው በፀሐይ ሲላጥ አይቷል። 12ኛው ደግሞ ነገሩን ያለዝብ መስሎት ይመስለኛል፣ ሳፖኒን የሚባለው አረፋ የሚሠራ የዕፅዋት ንጥረ ነገር ጋዝ ይቀንሳል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እንዶድ ደግሞ አረፋው ብዙ ነው፣ ለምን እንዶድ አናበላም ብሎ ጠየቀ።

13ኛዋ የእንስሳት ሐኪም ናት። መልሷ አጭርና ስለታም ነበር። እንዶድ መርዝ ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ያስተዋሉት፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው መገኘታቸውን ነው። ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈውን ብልሃርዝያን ለመከላከል የተፈለገውም ለዚሁ ነው። ዓሣም ይገድላል። ሳፖኒን ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለመኖ የሚያገለግለው ከሌሎች ዕፅዋት የሚወጣ ነው፣ እሱም በልክ። እንዲህ ያለ ነገር ሰው በሚያነብበት ቦታ አትጻፉ አለች። 12ኛው በ14ኛው መልስ ተቀየመ፤ ጠየቅኩ እንጂ አብሉ አላልኩም አለ። ሁለቱንም እረዳለሁ። እኔ ግን ከሐኪሟ ጋር ነኝ። ሌሊት ላይ ግማሹን አንብቦ ጠዋት እንዶድ የሚወቅጥ ሰው አይጠፋም። 15ኛው ሽማግሌ ሆኖ አስታረቃቸው።

ከ16 እስከ 20 ያለው ከርዕሱ ወጥቷል። አንዱ ኮሶና እንቆቆ ለከብት ትል ይሆናሉ ወይ አለ፣ ሌላው ስለ ሰው የኮሶ ትል አነሣ፣ ከዚያ ስለ ቁርጥ ሆነ፣ ከዚያ የትኛው ከተማ ሥጋ ቤት ጥሩ ጥሬ ሥጋ አለ ወደሚለው ተሻገረ። በጾም ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ ማንሣት ነውር ነው ያለም ነበር። ከዚህ ሁሉ የያዝኩት አንድ ነገር ነው። የኮሶ ትል ወደ በሬው የሚገባው ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ በሣሩ በኩል ነው፣ ወደ ሰው የሚመለሰው በጥሬ ሥጋው ነው። ለበሬው ሲባል የሰው ሽንት ቤት መቆፈርም መኖ ማሳመር ነው ያለችው ሐኪሟ ናት፣ በ19ኛው።

21ኛው የባሕር አረም አነሣ። አስፓራጎፕሲስ የሚባል ቀይ የባሕር አረም አለ። ካሊፎርኒያ ዴቪስ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙከራ 21 ወይፈኖች ላይ ተሞክሮ ሜቴኑን እስከ 80 በመቶ ድረስ ቀንሷል። 22ኛው፣ እኛ ባሕርም የለንም፣ ጋዝ ለመቀነስ የሚከፍለንም የለም ብሎ ዘጋው። ለጊዜው ልክ ነው።

23ኛው ወደ ሐረርጌው ሰው ተመለሰ። ገረባው ጥሩ ነው፣ ግን ጫቱ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይስ? ቅጠሉን በሬው ሲበላው መርዙም አብሮ አይገባም ወይ? ሐረርጌው በ24ኛው አልተቆጣም። እሱ ከራሱ ማሳ የወጣውን፣ መቼ እንደተረጨ የሚያውቀውን ብቻ እንደሚያበላ፣ ከገበያ የተጠረገ ገረባ ግን እንደማያስጠጋ ተናገረ። በሚገዛ ገረባ የሚያደልቡ ጎረቤቶቹ እንደሚያሳስቡትም አልደበቀም። እንዲህ ያለ መልስ ሳይ ደስ ይለኛል።

25ኛው እንደገና የሐኪሟ ነው፣ ለእኔ ለራሴ የተጻፈ። ስለ ዱቄት ከመጠየቅህ በፊት የጉበት ትል መድኃኒት ሰጥተሃል ወይ አለችኝ። በሬዎቹን የገዛሁት ከየት ነው? ረግረግ ሜዳ ላይ የዋሉ ናቸው? የዓይናቸው ሽፋን ቀይ ነው ወይስ የነጣ? ከአገጫቸው ሥር ያበጠ አለ? አልቤንዳዞል ሰጥቻለሁ ብዬ መለስኩ። አልቤንዳዞል ያደገውን የጉበት ትል እንጂ ገና እያደገ ያለውን እንደማይነካ፣ ለዚያ ትሪክላቤንዳዞል የሚባለው እንዳለ ነገረችኝ፣ ሐኪም አይቷቸው እንዲያዝልኝም አዘዘችኝ። በማግሥቱ ጠዋት ወርጄ አየሁ። የአንዱ፣ የቦራው፣ የዓይኑ ሽፋን ወረቀት መስሏል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፋጉሎ እያበላሁት ነበር፣ የምመግበው ለካ ትሉን ነው። ለምን አይወፍርም ብዬ ዱቄት ፍለጋ ስዞር አጠገቡ ቆሜ ዓይኑን ገልጬ አላየሁም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

26ኛው ፋጉሎውን ራሱን አሽትተው አለኝ። በእርጥብ ቦታ የተከማቸ የኑግ ፋጉሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል። አዲስ አበባ ዙሪያ ወተት ውስጥ የተገኘው አፍላቶክሲን ምንጩ ሲፈለግ ጣት ከተቀሰረባቸው መኖዎች ዋናው ይኸው ፋጉሎ ነው። ጆንያዬን ከመሬት አንሥቼ እንጨት ላይ ሰቀልኩት።

28ኛው መለኪያ ሰጠን። ሚዛን የሌለው ሰው በሜትር ይለካ። ከፊት እግሩ ኋላ ደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለካ፣ ያንን በራሱ አባዛው። ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ያለውን ርዝመት ለካና በዚያ አባዛው። ለ10,840 ስታካፍለው ኪሎው ይመጣል፣ በግምት። የእኔ ቀዩ ደረቱ 160፣ ርዝመቱ 130 ነው። 307 ኪሎ መጣ። ገበያ ላይ የገመቱልኝ ግን 350 ነበር።

31ኛው ተመሳሳይ ዱቄት የሚሸጥ ሰው ነው። የሰውን ገበያ አትዝጉ፣ ደንበኞቼ ሁሉ ረክተዋል፣ እናንተ ተማርን ባዮች ናችሁ አለ። 32ኛው ዝርዝሩን ጻፍልን፣ ምን ቅጠል ነው፣ ስንት ግራም ነው ብሎ ለመነው። 33ኛው ሳይበላ የተመዘነና በልቶ የተመዘነ በሬ አለህ ወይ አለው። መልስ አልመጣም። 34ኛው ሌባ ብሎ ሰደበው፤ ያ ስድብ ደስ አላለኝም፣ ሰውየው የሚሸጠውን አምኖበት ሊሆን ይችላል። ግን በድሃ ገበሬ ገንዘብ ያልተለካ ነገር አይሸጥም፣ ይህን ስል ከልቤ ነው። ምን እንዳለበት ያልተጻፈበትን ላስቲክ ከመግዛት ውሃ መጨመር ይሻላል። የእኔ በሬዎች በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የሚጠጡት፣ አሁን ሦስት ጊዜ ሆኗል፣ የሚበሉትም ጭድ ሲጨምር በዓይኔ አይቻለሁ።

36ኛው ያው የአመጋገብ ባለሙያው ነው። ጦስኙን ፈጽሞ ተው አላለኝም። ከፈለግህ ሞክረው፣ ግን ለካ አለኝ። መጀመሪያ ሁሉንም ከትል አጽዳ። ፍሩሽካውንና ፋጉሎውን በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ እያልክ ከፍ አድርግ፣ በአንድ ቀን አታብዛ፣ ሆዱ ይነፋል፣ ጨጓራው ይኮመጥጣል። ከዚያ ለሁለቱ በቀን 100 ግራም የተፈጨ ደረቅ ጦስኝ በፍሩሽካ ለውሰህ ስጥ፣ ለሁለቱ አትስጥ። ሌላው መኖ ለአራቱም እኩል ይሁን። በ15 ቀን አንዴ፣ ጠዋት ሳይበሉና ሳይጠጡ ለካቸው። 37ኛው በ4 በሬ ምንም ማወቅ አይቻልም፣ በሬ ከበሬ ይለያያል ብሎ ተከራከረ። ባለሙያውም ተስማማ፤ ስለዚህ ሌሎች አደላቢዎች በየቤታቸው እንዲሁ ለክተው እዚሁ እንዲጽፉ ጠየቀ። እስካሁን አምስት ሰው እሺ ብሏል። እትዬም ገብታበታለች፣ በአተላ የምታደልባቸውን 2 በሬዎች ይዛ።

38ኛው የሐረርጌው ሰው ነው። ቦራው መድኃኒቱን ወሰደ ወይ ብሎ ብቻ ነው የጠየቀኝ። ሐሙስ ዕለት ወስዷል። ዛሬ ጠዋት ሳይበሉ ለካኋቸው። ጦስኝ የሚያገኙት ቀዩ 160 በ130 እና ጥቁሩ 156 በ128 ናቸው። የማያገኙት ዳለቻው 158 በ131 እና ቦራው 149 በ127 ናቸው። ቦራው በሽታው ስላለበት ከሙከራው ይውጣ የምትሉ ካላችሁ እስከ ነገ ማታ ጻፉልኝ።